የበጉ ኪሎ ከዕድሜው ጋር ይመዝገብ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ፋሲካ በተቃረበ ቁጥር ከየጋጡ ቀድሞ ወደ ገበያ የሚነዳው ጠቦት የትኛው እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጀርባው የሞላው፣ ላቱ የሰፋው፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ የደረሰው ነው። ነጋዴው ከሩቅ ለይቶ ይመጣና ወገቡን ጨበጥ፣ ላቱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ዋጋ ይጠራል። ባለቤቱም ጥቂት ተከራክሮ ይሸጣል። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፤ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የበዓሉም ወጪ አለ። በግ ደግሞ ለደጋ ገበሬ በእጁ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በመሸጡ የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ጠቦት ከሄደ በኋላ በመንጋው ውስጥ ቀርቶ እናት በጎቹን የሚያጠቃው የትኛው ነው? ነጋዴው አይቶ ያለፈው፣ ለሚቀጥለው በዓል ይደርስ ይሆናል ተብሎ የተተወው፣ ማለትም ቀርፋፋው ነው። ከዚህ የምንረዳው ገበሬው አስቦበት ሳይሆን በየዓመቱ ለዘር የሚያስቀረው ገበያ ያልፈለገውን መሆኑን ነው። አንዲት እናት በግ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ግልገል ብትወልድ ነው፤ አንድ አውራ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የ20 እና የ30 ግልገሎች አባት ይሆናል። እያንዳንዱ ግልገል ከዘሩ እኩሌታውን የሚወርሰው ከአባቱ በመሆኑ፣ በአውራ ምርጫ ላይ የሚፈጸም ስሕተት በአንድ ጋጥ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ በጋራ ግጦሽ ላይ በሚሰማራው መንጋ ሁሉ ይሰራጫል። አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን ጉዳቱ አይታይም። አሥርና ሃያ ዓመት ሲደጋገም ግን መንጋው ሳይታወቅ ወደ ኋላ ይጎተታል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊመክሩበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። (የገበሬ ማኅበር የሚለው መጠሪያ ምንም እንኳ በአስተዳደሩ ወረቀት ላይ ቀበሌ በሚለው ቢተካም፣ በገጠር ከሰው አፍ አልጠፋም። ለበግ እርባታ የተቋቋሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎችንም ጉዳዩ እኩል ይመለከታቸዋል።) መፍትሔው ከሩቅ አገር አውራ ማስመጣት ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ ብዙ ዘመን ቆይቷል። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ የበግ ማራቢያዎች የአዋሲ ድቅል አውራዎች ተራብተው ለገበሬው ተሰራጭተዋል፤ ከዚያም ቀደም ብሎ ሌሎች የውጭ ዝርያዎች ተሞክረዋል። ያ ሥራ የራሱ ጥቅምና ችግር ያለው ሲሆን እዚህ ላይ አይመረመርም። ከውጭ የመጣውም ሆነ የአገሩ አውራ በጥሩ ሁኔታ ሳይለይ ቢቀር ግን ውጤቱ ያው ነው፤ የተሻለው ይታረዳል፣ የቀረው ይወልዳል።

ለመሆኑ የተሻለው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ልምድ ያለው ገበሬ ዓይኑ አይናቅም። የእግር አቋምን፣ የላትን ቅርጽ፣ የቀንድንና የቀለምን ነገር፣ የእናቲቱን ወተትና ጠባይ ማንም ሚዛን አይነግረውም፤ እርሱ ግን ያውቃል። ዓይን የማያየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። በአንድ ጋጥ የተለያየ ጊዜ የተወለዱ ግልገሎች አብረው ሲቆሙ፣ ቀድሞ የተወለደው ትልቅ ሆኖ ይታያል። ትልቅ መሆኑ ግን ፈጣን መሆኑን አያስረዳም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ጠቦቶች እንውሰድ። አንደኛው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ኅዳር 13 ቀን ተወለደ፤ ሲወለድ 2.2 ኪሎ ነበር። ሁለተኛው ከታኅሣሥ ገብርኤል አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን ተወለደ፤ ሲወለድ 2.3 ኪሎ ነበር። መጋቢት 5 ቀን፣ በአቦ ዕለት፣ ሁለቱም ሚዛን ላይ ወጡ። የፊተኛው 10.6 ኪሎ፣ የኋለኛው 8.9 ኪሎ ሆኑ። በዓይን ቢታዩ የፊተኛው እንደሚበልጥ የሚጠራጠር አይኖርም፤ ሚዛኑም ይህንኑ ያረጋግጣል። ይሁንና የፊተኛው 112 ቀን፣ የኋለኛው 80 ቀን ነው የኖሩት። የፊተኛው በ112 ቀን የጨመረው 8.4 ኪሎ በመሆኑ በቀን 75 ግራም ይደርሰዋል። የኋለኛው በ80 ቀን 6.6 ኪሎ በመጨመሩ በቀን 82 ግራም ተኩል ይደርሰዋል። ሁለቱም በ90 ቀናቸው ቢመዘኑ ኖሮ ምን ያህል ይሆኑ ነበር ተብሎ ሲሰላ፣ የፊተኛው 8.95 ኪሎ፣ የኋለኛው 9.7 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ፈጣኑ ትንሽ ሆኖ የታየው ነው ማለት ነው። በዓይን ብቻ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ለዘር የሚቀረው የፊተኛው በሆነ ነበር።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ገበሬ ከሌላው ዓለም የበግ አርቢ የሚቀልለት ነገር አለ። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው። ከኅዳር 13 እስከ መጋቢት 13 አራት ወር፣ 120 ቀን ነው፤ ስምንት ቀን ሲቀነስ 112 ይሆናል። ጳጉሜን ካልተሻገሩ በቀር በጣት ተቆጥሮ የሚያልቅ ሒሳብ ነው። የትውልድ ቀን ለማስታወስም ቢሆን ገበሬው «በሚካኤል ማግስት»፣ «ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው» እያለ የሚይዘው ከማንኛውም ደብተር የማይተናነስ ነው። የጎደለው መጻፉ ብቻ ነው።

ከላይ የተሠራው ስሌት ተራ የመቀነስና የማካፈል ሒሳብ ቢመስልም፣ በመሠረቱ የሒሳብ ሞዴል የሚባለው ነው። የአንድን ጠቦት ዕድገት ቀጥ ባለ መስመር መስሎ ማየት ነውና። በየቀኑ እኩል ይጨምራል ብሎ ይነሣል። ለአጭር ጊዜ፣ ለምሳሌ ጡት እስኪተው ድረስ፣ ይህ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ከዚያ አልፎ ቢወሰድ ግን ያሳስታል። በቀን 80 ግራም የሚጨምር ጠቦት ዓመቱን ሙሉ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ በዓመቱ ከ31 ኪሎ በላይ በሆነ ነበር። የመንዝ ደጋ ሰው የአንድ ዓመት ጠቦቱ በግጦሽ ብቻ 31 ኪሎ ሆነልኝ የሚል ሰው ቢያጋጥመው የሚመልስለት መልስ ይታወቃል። መስመሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጎብጣል። ይህን መጉበጥ በቁጥር ለመግለጽ ነው የእንስሳት ሊቃውንት ልዩ ልዩ ቀመሮችን ያወጡት።

ከእነዚህ አንዱ በአሜሪካ አገር በሚሶሪ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሳሙኤል ብሮዲ የተጠቀመበት ነው። ብሮዲ ስለ እንስሳት ዕድገትና ስለ ምግብ አጠቃቀማቸው የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በ1945 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የቀመሩ ሐሳብ በመንገደኛ ሊመሰል ይችላል። አንድ ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ሲጓዝ በየቀኑ እኩል መንገድ ከመሄድ ይልቅ፣ በየቀኑ ከቀረው መንገድ አንድ አሥረኛውን ይሄዳል እንበል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ይሄዳል፤ እየቀረበ በመጣ ቁጥር እርምጃው ያጥራል። በግም እንዲሁ ነው። ሲወለድ 2 ኪሎ የሆነና ሲሞላ 26 ኪሎ የሚደርስ ጠቦት የሚቀረው መንገድ 24 ኪሎ ነው። በየወሩ ከቀረው አንድ አሥረኛውን ቢሸፍን በመጀመሪያው ወር 2.4 ኪሎ ይጨምራል፤ ይህም በቀን 80 ግራም ነው። በሦስት ወሩ 8.5 ኪሎ፣ በስድስት ወሩ 13.2 ኪሎ፣ በዓመቱ 19.2 ኪሎ፣ በሁለት ዓመቱ 24 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በአሥራ ሁለተኛው ወር ውስጥ የሚጨምረው ግን ሦስት ሩብ ኪሎ፣ በቀን 25 ግራም ብቻ ነው። መንዝ ውስጥ በግ ያረባ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሲያይ የራሱን ጋጥ ያስታውሳል። በዚህ ቀመር የሆሮ በጎች ዕድገት በባኮ የምርምር ማዕከል ተጠንቶበታል።

ሌላው ስመ ጥር ቀመር የእንግሊዛዊው የቤንጃሚን ጎምፔርትዝ ነው። ጎምፔርትዝ በ1825 እ.ኤ.አ. ቀመሩን ያወጣው ስለ በግ አስቦ አልነበረም፤ የሰው የሞት መጠን ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚጨምር ለሕይወት መድን ለማስላት ነበር። የአዛውንቶችን ሞት ለመቁጠር የወጣ ሒሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ ለግልገል ዕድገት መዋሉ የሚገርም ነው። በዚህ ቀመር ዕድገቱ መጀመሪያ ላይ ቀስ ይላል፣ ከዚያ ይፈጥናል፣ ከዚያ መልሶ ይቀዘቅዛል። ከሁሉ የሚፈጥነው እንስሳው ከሙሉ ክብደቱ 37 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ሲሞላ 26 ኪሎ ለሚሆነው ጠቦት ይህ 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ይህ ደግሞ ግልገሉ ጡት ከሚተውበት ጊዜ ብዙም አይርቅም። ቀመሩ እውነቱን የሚቀርብ ከሆነ፣ ግልገሉ ለማደግ ከሁሉ የበለጠ አቅም ባለው ሰዓት ወተቱ ይቋረጥበታል ማለት ነው። ይህም በበጋው ማለቂያ፣ ሜዳው በተራቆተበት ወቅት ላይ ከወደቀ፣ የተቋረጠው ዕድገት ሙሉ በሙሉ ተመልሶ መገኘቱ ያጠራጥራል። ለጥቂት ሳምንት ከጓሮ የሚሰጥ ጥሩ ድርቆሽ፣ የገብስ ገለባና የባቄላ ክክ ቆሻሻ ከሌላው ጊዜ ይልቅ በዚያን ጊዜ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ብዙ ገበሬ ግን ድርቆሹን የሚያስቀምጠው ለእርሻ በሬው ነው። በሬው አይበላ ማለት አይቻልም፤ ከክምሩ ጥቂቱ ለግልገል ቢለይ ግን በሬው አይጎዳም።

ቀመሮቹን ማወቅ ለማኅበር መሪ ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖራል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው፣ ፈጣን ማለትና ትልቅ ማለት አንድ አለመሆኑን ማሳየታቸው ነው። አሁንም ሁለት ጠቦቶች እንውሰድ፤ ሁለቱም ሲወለዱ 2 ኪሎ ናቸው። አንደኛው ሲሞላ 24 ኪሎ ላይ የሚቆም፣ በየወሩ ከቀረው 12 በመቶ የሚሸፍን ነው። ሁለተኛው እስከ 30 ኪሎ የሚደርስ፣ ነገር ግን በየወሩ 8 በመቶ ብቻ የሚሸፍን ነው። በስድስት ወር የፊተኛው 13.8 ኪሎ፣ የኋለኛው 13 ኪሎ ይሆናሉ። በዓመታቸው ተራቸው ይለወጣል፤ የፊተኛው 19.3፣ የኋለኛው 19.7 ኪሎ ይሆናሉ። በሁለት ዓመታቸው የፊተኛው 23 ኪሎ ላይ ሲደርስ የኋለኛው 26 ኪሎ አልፏል። እንግዲህ ከሁለቱ የተሻለው የትኛው ነው? በስድስት ወር የሚመርጥ ማኅበር የፊተኛውን ያስቀራል፤ በሁለት ዓመት የሚመርጥ የኋለኛውን። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የፈለጉት ነገር የተለያየ ነው።

ይህ ምሳሌ ከሐሳብ የመጣ ብቻ አይደለም። በበግም በከብትም በተደረጉ በርካታ ጥናቶች፣ ቶሎ የሚደርስ እንስሳ ሲሞላ አነስ የማለት፣ ዘግይቶ የሚደርስ ደግሞ ሲሞላ የመግዘፍ ዝንባሌ እንዳለው ታይቷል። መንዝን በመሰለ ደጋ፣ ጠቦቱ ዓመት ሳይሞላው በሚሸጥበት፣ እናቲቱ ደግሞ በጠባብ ግጦሽ ላይ ከዓመት እስከ ዓመት በምትኖርበት አገር፣ ቶሎ የሚደርሰውን መምረጥ ይሻላል። ግዙፍ እናት በግ ግልገሏን ብትሸጥም ባትሸጥም በየቀኑ ትበላለችና። ሙክት ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀምጦ የሚያደልብ አካባቢ ግን ሌላ ሐሳብ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ አውራ ከመምረጡ በፊት ሊወስን የሚገባው በስንት ወር የሚሸጥ በግ እንደሚፈልግ ነው። ይህ ውሳኔ የገበሬው እንጂ የባለሙያው አይደለም። ባለሙያው መስመሩን ይሥላል፤ መስመሩ ላይ የት እንደሚቆም የሚያውቀው ገበያ ወርዶ የሚሸጠው ነው።

ሞዴል ሁሉ መስመሩን ለስላሳ አድርጎ ነው የሚሥለው። እውነተኛው በግ ግን እንደዚያ አያድግም። ከክረምቱ መውጫ ሣር ሲበላ ይሞላል፤ በበጋው ይቆማል፣ እንዲያውም ይቀንሳል፤ በልግ ከዘነበ ይመለሳል፤ በልግ ከቀረ ይከሳል። በክረምቱም ብርዱና ጭቃው የራሱ ጣጣ አለው። ስለዚህ አንድ ጠቦት ከመስመሩ በታች ቢገኝ በዘሩ ደካማ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። የአንድ መንጋ ጠቦቶች ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ከመስመሩ በታች ከወረዱ ችግሩ የዘር ሳይሆን የመኖ ወይም የበሽታ መሆኑን መጠርጠር ያስፈልጋል፤ በተለይ ረግረግ በሚበዛበት ግጦሽ ላይ የጉበት ትል መኖሩን መመርመር ተገቢ ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ የእናቲቱን ጡት ማየት ይበጃል። ለዚህም ነው ውድድሩ በእኩዮች መካከል መሆን ያለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች እናት ወተቷ ከጎለመሰችው ስለሚያንስ ልጇ ሊወዳደር የሚገባው ከመሰሎቿ ልጆች ጋር ነው። መንታ ከመንታ ጋር ይታያል፤ በበጋ የተወለደም በክረምት ከተወለደው ጋር አይታይም።

ሌላም በቀላሉ የማይታይ አደጋ አለ፤ መዝገቡ ራሱ ያዳላል። በአንድ መንደር እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እየተመዘኑ የሚቆዩት ያልተሸጡት ናቸው። ያልተሸጡት ደግሞ ከላይ እንደተባለው ቀርፋፋዎቹ ናቸው። በእነርሱ ክብደት ብቻ መስመር ቢሠራ የመንደሩ በግ ከእውነተኛ አቅሙ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያም «የአገር በግ አያድግም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ ፍርድ በየስብሰባው ሲሰማ የኖረ ነው። ከዚህ ለመዳን የተሸጠው ጠቦት ስም ከመዝገቡ መሰረዝ የለበትም፤ በተሸጠ ዕለት ተመዝኖ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ በዚያው ይዘጋለታል። ነጋዴው ቆሞ ሲጠብቅ ሚዛን ማንጠልጠል አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም ክብደቶች ይበልጥ ዋጋ ያለው ይኸው የመጨረሻው ነው።

ለምርጫ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። የሚንጠለጠል ሚዛን፣ ጠቦቱ የሚታቀፍበት ጨርቅ ወይም ጆንያ፣ የጆሮ ቁጥርና ደብተር ይበቃሉ። ክብደት ሲወለድ፣ በሦስት ወር፣ በስድስት ወርና በዓመት ቢያዝ ለመንደር ሥራ በቂ ነው። የተመዘነበት ሰዓት አንድ መሆን አለበት፤ ጠዋት ሳይሰማራ የተመዘነና ማታ ጠግቦ፣ ውኃ ጠጥቶ የተመዘነ ጠቦት አይወዳደሩም። ከቀጥተኛው መስመር ያለፈውን ስሌት የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ወይም የምርምር ማዕከል ይሠራዋል። የማኅበሩ ድርሻ ትክክለኛ ቀንና ትክክለኛ ኪሎ ማቅረብ ነው፤ የተሳሳተ የትውልድ ቀን የገባበትን ቀመር የትኛውም ሊቅ አያቃናውም።

ነገሩ በተግባር ያልተሞከረ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ገበሬውና አርብቶ አደሩ ራሱ የሚመርጥበት የማኅበረሰብ የበግ ማሻሻያ ሥራ ተጀምሯል። በሥራው የአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት፣ ኢካርዳ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩትና በኦስትሪያ የሚገኘው የቪየና የግብርና ዩኒቨርሲቲ ተባብረዋል። በመንዝ ሥራው የተጀመረው በሞላሌና በመሐል ሜዳ ነው። ጠቦቶቹ በመጀመሪያ በክብደታቸው ይጣራሉ፤ ከዚያ በኋላ ገበሬዎች የመረጧቸው ሰዎች ቁመናውን፣ ላቱን፣ ቀለሙንና ቀንዱን አይተው ይወስናሉ። ሚዛኑና ዓይኑ አልተጣሉም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ተናገረ። የተመረጡት አውራዎች በጋራ የሚያዙ ሲሆኑ፣ በተደራጁ ቡድኖች መካከል እየተዘዋወሩ ያገለግላሉ። መዘዋወራቸው አውራው የራሱን ልጆች እንዳያጠቃም ይረዳል።

ከዚህ ልምድ ለማኅበር መሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ሒሳቡ አይደለም፤ ሌላ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው እምነት ነው። ከብት መቁጠር ደስ የማይለው ሰው ብዙ ነው። «ዓይን ይበላዋል» የሚለው አለ፤ ከዚህ ይልቅ ግን የሚፈራው መዝገቡ የት እንደሚደርስ ነው። የበጉ ቁጥርና ኪሎ የተጻፈበት ደብተር ነገ የግብር ወይም የመዋጮ መጠየቂያ እንደማይሆን ማንም ካላረጋገጠለት፣ ገበሬው ሦስት በግ ደብቆ ሁለቱን ቢያስመዘን ሊፈረድበት አይገባም። በዚያ ሁኔታ የሚሠራ የዕድገት መስመር ደግሞ የተደበቁትን ምርጦች ሳይጨምር የቀረ ነው። ስለዚህ የማኅበሩ ጉባዔ መዝገቡ ለእርባታ ሥራ ብቻ እንደሚውል አስቀድሞ ወስኖ በቃለ ጉባዔ ሊያጸናው ይገባል። ከምርምር ማዕከል የሚመጣ ባለሙያም ክብደቱን ቀድቶ ሲሄድ ውጤቱን ይዞ እንዲመለስ ቀጠሮ ይያዝለት። በገበሬው በግ ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ ባለበጉ ግን የጠቦቱን መስመር አንድ ቀን እንኳ ሳያየው የሚቀርበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ምርጡ ጠቦት ለፋሲካ አይሸጥ ሲባል፣ የማይሸጠው የአንድ ሰው ጠቦት ነው፤ ጥቅሙ ግን የመንደሩ ሁሉ ነው። ባለቤቱ ለማኅበሩ ብሎ ዕዳውን ሳይከፍል ይቆይ ማለት ፍትሕ አይደለም፤ ቢባልም አይሆንም፤ ሌሊት ነድቶት ይሄዳል። በስብከት የሚያዝ አውራ የለም። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ማኅበሩ አውራውን በገበያ ዋጋ ገዝቶ የጋራ ንብረት ያደርገዋል፤ ወይ ለባለቤቱ የሚቆይበትን ጊዜ ዋጋ እየከፈለ በእጁ ያቆየዋል። የመጀመሪያው ይሻላል፤ ምክንያቱም አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ደልቦ ሲሸጥ ገንዘቡ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ የሚቀጥለውን ይገዛል። ከላይ የተጠቀሱት የማኅበረሰብ ሥራዎችም እንዲህ ባለ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ተጠቅመዋል። ሳጥኑን የሚሞላው መጀመሪያ ላይ ማነው የሚለው ጥያቄ በየመንደሩ የሚለያይ ሲሆን፣ ከአባላት በነፍስ ወከፍ ጥቂት ብር ሰብስቦ መጀመር ለብዙዎቹ የሚቻል ነው።

የመንዝ ሰው ለጋራ ጥቅም የግል ፍላጎትን ማቆየት አዲስ አይሆንበትም። የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ፣ አለቃ መርጦ፣ ጠባቂ አቁሞ፣ የሚታጨድበትን ጊዜ በጋራ የሚወስን ሥርዓት አባቶቹ ለብዙ ዘመን ይዘው ቆይተዋል። ያ ሥርዓት ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሲዳከም፣ ግጦሹን የማስተዳደሩ ኃላፊነት ለገበሬ ማኅበራት መተላለፉን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ሣር ለዓመታት የሚጠበቅ ከሆነ አንድ ጠቦት ለአንድ ፋሲካ መጠበቅ አያቅትም።

ለሚቀጥለው ፋሲካ የሚደርሱት ጠቦቶች የሚወለዱት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ሚዛኑ ከዚያ በፊት መገዛት፣ ደብተሩም ከዚያ በፊት መሰመር ይኖርበታል፤ የትውልድ ቀናቸውና ክብደታቸው ያልተጻፈ ግልገሎች በመጋቢት ቢመዘኑ የሚነግሩት ነገር ጥቂት ነው። ዋጋውን በተመለከተ ማኅበሩ ለባለ ጠቦቱ ሊከፍል የሚገባው በፋሲካ ዋዜማ፣ ገበያው ከፍ ባለበት ዕለት ያለውን ዋጋ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ዋጋው ከወረደ ወዲያ የሚከፍል ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት ምርጥ ጠቦት የሚያሳየው አባል አያገኝም።